በአይኤስፒኤፍ ኤዲተር ኮመንቶችን ትቶ መፈለግ ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዜድ/ኦኤስ (በአይቢኤም ሜይንፍሬም ኮምፒውተሮች ሲስተም) ላይ የሚሠራ ብዙ ሺህ መስመር ያለው የኮቦል ፕሮግራም ተረክቤአለሁ፤ ኮዱን የማየውም በዚያው ሲስተም አይኤስፒኤፍ ኤዲተር ነው። ጠቅላላ ድምሩን የሚይዘው ቫሪያብል የት የት እንደሚለወጥ ለማየት ስሙን በ«ፋይንድ» (በመፈለጊያው ትእዛዝ) ስፈልግ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ኮመንት አድርገው (ማለትም እንዳይሠሩ ምልክት አድርገው) የተዉአቸው አሮጌ መስመሮች ሁሉ አብረው ይመጣሉ፤ ፍለጋውን በሚያስቀጥለው የኤፍ 5 ቁልፍ አንድ በአንድ ሳልፍም የቱን አይቼ የቱን እንዳላየሁ ይጠፋብኛል። የሚሠራውን ኮድ ብቻ መፈለጊያ መንገድ ካለ ብታሳዩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
አለ፤ የሚገኘውም ፋይንድን መስመሮችን ከሚደብቀው ከ«ኤክስክሉድ» ትእዛዝ ጋር በማጣመር ነው። በኮቦል ቋሚ አጻጻፍ የኮመንት ኮከብ የሚቀመጠው በ7ኛው ዓምድ ስለሆነ፣ በትእዛዝ መስመሩ ላይ ኤክስክሉድ፣ ኦል፣ በነጠላ ጥቅስ የታጠረ ኮከብ (‎'*') እና 7 ቁጥርን አከታትለው ቢጽፉ እነዚያ መስመሮች በሙሉ ይደበቃሉ። ቁጥሩን እንዳይዘነጉት እለምንዎታለሁ፤ እርሱ ከሌለ ኮከብ ለማባዣነት የገባባቸው የ«ኮምፒውት» (የስሌት ትእዛዝ) መስመሮችም አብረው ይጠፋሉ። ቀጥለው ፋይንድ፣ ኦል፣ ኤንኤክስ (NX) ብለው የቫሪያብሉን ስም ያስከትሉ። ኤንኤክስ ፍለጋውን ባልተደበቁት መስመሮች ይወስነዋል፤ ካልጻፉት ፋይንድ የተደበቁትንም ፈትሾ ስሙን ያገኘበትን መስመር መልሶ ያወጣዋል። ይህ ጠባይ በሌላ ቦታ እጅግ ጠቃሚ ነው፦ በኤክስክሉድ ኦል ሁሉንም ደብቀው ፋይንድ ኦል ቢሉ፣ የፈለጉት ስም ያለባቸው መስመሮች ብቻ በአንድ ስክሪን ተሰብስበው ይታያሉ። ሲጨርሱ «ሪሴት» የተደበቀውን ይመልሳል።

መልስ 2፦
ብዙዎች የማይጠቀሙበት ሌላም የፋይንድ አጠቃቀም አለ። ከጥቅሱ በፊት ፒ (P) የሚለውን ፊደል አስቀድመው በጥቅሱ ውስጥ ነጥብ ቢያስገቡ፣ ፋይንድ በስክሪን ላይ ሊታዩ የማይችሉ ቁምፊዎችን ያወጣል። ከሌላ ሲስተም የተላከ ፋይል ያለ ግልጽ ምክንያት ሲበላሽ መጀመሪያ የማደርገው ፍተሻ ይህ ነው። በነጥቡ ምትክ # ቢገባ ማንኛውንም አሃዝ ይፈልጋል። በ«ቼንጅ» ትእዛዝም ከፒ ጋር ‹<› የሚለውን ምልክት በ‹>› ቢተኩ ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት ወደ ትልልቅ ይለወጣሉ።

መልስ 3፦
በመልስ 1 ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ በዓይን እየታየ ፋይንድ «አልተገኘም» ካለ፣ የኤዲተሩ «ባውንድስ» (ትእዛዞች የሚሠሩበት የዓምድ ወሰን) ጠብቦ እንደሆነ ይመልከቱ፤ የዓምድ ቁጥር ካልተሰጠው ፋይንድ የሚፈልገው በዚያ ወሰን ውስጥ ብቻ ነውና። ሪሴት ይህን አያስተካክለውም፤ ባውንድስ የሚለውን ትእዛዝ ያለ ምንም ቁጥር መስጠት ግን ወሰኑን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ቫሪያብሉ በሌሎች ፕሮግራሞችም ውስጥ ካለ ደግሞ እያንዳንዱን ሜምበር (በላይብረሪው ውስጥ ያለ ነጠላ ፋይል) መክፈት አያስፈልግም፤ በአይኤስፒኤፍ ሜኑ አማራጭ 3.14 ላይብረሪውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መፈተሽ ይቻላል።