መስገድ ላልቻለ ሰው ስቅለት ምንድነው?

የጦሳ ሥር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት። ባለፈው ክረምት ወገቤን ዲስክ ነው ብሎ ሐኪሙ ጎንበስ ቀና እንዳትይ አለኝና ይኸው እንደዛው ነኝ። ጾሙን እግዚአብሔር ይመስገን 55ቱንም ቀን ጾሜያለሁ ግን ስቅለት ሲደርስ ሆዴ ባባ። ከልጅነቴ ጀምሮ መድኃኔዓለም ከእናቴ ጋር ነው የምሰግደው፣ ከጠዋት ጀምረን ኪርያላይሶን እያልን ላብ በላብ ሆነን ማታ ጉልበታችን እየተንቀጠቀጠ ነው የምንወጣው፣ ለኔ ስቅለት ያ ድካም ነበር። ትናንት ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሳ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ዞር ብላ "ወጣት ሆነሽ?" አለችኝ። ያለቀስኩት ለጌታ ይሁን ለራሴ እንኳን አላውቅም። ዛሬ ቄጠማውን ግንባሬ ላይ አስሬ ቁጭ ብዬ የማስበው ከሕማሙ ሳልካፈል ትንሣኤው የኔ ነው ወይ እያልኩ ነው። እናንተ ስቅለትን ምን ብላችሁ ነው የምትይዙት?

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፦
እህቴ ዮሐንስ ወንጌል 19፥25ን አሁኑኑ ክፈቺው። እመቤታችንና እነ መግደላዊት ማርያም መስቀሉ ሥር ምን ያደርጉ ነበር? ቆመው ነበር ነው የሚለው፣ በቃ ሌላ ነገር አላደረጉም። ሐሙስ ማታ ደቀ መዛሙርቱ ጥለውት ሲሸሹ እነሱ አርብ አልሸሹም። አንቺም ከ3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በታመመ ወገብ ቆመሽ ዋልሽ አይደል እንዴ? ደግሞ አስቢው ከ13ቱ ሕማማተ መስቀል አንዱ ተቀሥፎ ዘባን ነው፣ ጀርባውን መገረፉ። ሌላው ጸዊረ መስቀል፣ መስቀሉን መሸከሙ፣ እሱንም ጎልጎታ እስኪደርስ የቀሬናው ስምዖን ይዞለታል። ጌታ መስቀሉን በሰው ትከሻ ካስያዘ አንቺ ግድግዳ መደገፍሽ የሚያሳፍር አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ግን ንገሪያቸው፣ ስግደት እንደ አቅም ነው።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ስለ ስቅለቱ የምናምነው እንደሚለያይ ታውቂያለሽ ስለዚህ እዛ ውስጥ አልገባም። ግን እኛም ጋ ሰላት ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል፣ መቀመጥ ያቃተው ተጋድሞ። አባቴ አላህ ይማረው የመጨረሻ ሁለት ዓመቱን ወንበር ላይ ነበር የሚሰግደው፣ ከሱ ሰላት የበለጠ ሰላት አይቼ አላውቅም። አብሽሪ እህቴ። መልካም በዓል ለቤተሰብሽ።

የወልዲያዋ እናት፦
ልጄ፣ እኔ ልጄን በጦርነቱ ካጣሁት ወዲህ ስግደቱን አልቆጥርም። በፊት እቆጥር ነበር፣ እቤት ገብቼ ይሄን ያህል ሰገድኩ እል ነበር። አሁን አርብ ዕለት ካህኑ "ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ" የሚለው ላይ ሲደርሱ እዛው እቀራለሁ። አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ ማለት ነው። እኔም ያንኑ ነበር ስለው የከረምኩት፣ ለጎረቤት ለመናገር እያፈርኩ፣ ኃጢአት እየመሰለኝ። ጌታ ራሱ በመስቀል ላይ ብሎታል። ይሄን ከሰማሁ በኋላ ነው ደህና መተንፈስ የቻልኩት። የትንሣኤውን ደስታም ብትይ፣ ጌታ ሲነሳ ቁስሉ አልጠፋም እኮ፣ ለቶማስ እጁን ጎኑን አሳይቶታል። እኔም ልጄን ረስቼ አይደለም ፋሲካን የምውለው፣ ዶሮው ሲቀርብ አለቅሳለሁ፣ ጎረቤቶቼም ዝም ብለው አብረውኝ ይቀመጣሉ። ያቺን ሴትዮ ይቅር በያት፣ አላወቀችም። ዛሬ ሌሊት ግን እንዳትቀሪ። መቋሚያ ያዢ፣ ለዚህ ነው የተሠራው።

የጦሳ ሥር ልጅ፦
እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። ዮሐንስንም ከፍቼ አነበብኩት፣ እውነትም ቆመው ነበር ነው የሚለው፣ ስንት ዓመት ሲነበብ ሰምቼው አላስተዋልኩትም። ቅድም ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላትና ሽንኩርቱን ትታ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ለካ ትናንት እሷም ስትሰግድ እኔን እያየች ነበር ስታለቅስ የነበረው። የአያቴን መቋሚያ ከቆጥ አውርዳልኛለች። ደሴ እንደምታውቁት ሌሊት ብርዱ አይጣል ነው፣ ጋቢ ደርቤ እሄዳለሁ። ሐይቅ ዳር ወንድሜ አባትህን ነፍሳቸውን ይማር።