ለኪችን ካቢኔት ሥራ የትኛውን ነፃ የስሪዲ ፕሮግራም ልምረጥ?

የኮዬው አናጢ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የኪችን ካቢኔትና የቁም ሳጥን ሥራ የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። እስካሁን ለደንበኞቼ የማሳየው በእጅ የሳልኩትን ንድፍና ከስልክ ያገኘኋቸውን ፎቶግራፎች ነው፤ አዲስ ቤት የተረከበ ሰው ግን የራሱ ኩሽና ምን እንደሚመስል ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ማየት ይፈልጋል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም መጠቀም ስለማልፈልግ በነፃ የሚገኝ እፈልጋለሁ። ላፕቶፔ ሦስተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ ሲሆን የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ብሌንደር የተባለውን ነፃ የስሪዲ ፕሮግራም የቅርቡን ስሪት አውርጄ ብሞክር የግራፊክስ ካርዱን እንደማይደግፍ ገልጾ ተዘጋ። ኢንተርኔቱም መብራቱም የሚታመን አይደለም። ደግሞስ ነፃ የተባለው ነገ ክፍያ ቢጠይቅስ?

መስመር በመስመር

ላፕቶፕዎን ለመቀየር አይቸኩሉ። ከሦስተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ጋር የሚመጣው ኢንቴል ኤችዲ 4000 በዊንዶውስ ላይ ኦፕን ጂኤልን (ፕሮግራሞች በግራፊክስ ካርድ ምስል የሚስሉበትን መገናኛ) የሚደግፈው እስከ 4.0 ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ከብሌንደር 4.0 ጀምሮ ያሉት ስሪቶች ግን ኦፕን ጂኤል 4.3ን ይጠይቃሉ። በ2023 የወጣው ብሌንደር 3.6 የሚፈልገው ኦፕን ጂኤል 3.3ን ስለሆነ በእርስዎ ማሽን ላይ ይሠራል፤ የቆዩ ስሪቶች ሁሉ በብሌንደር ድረ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ስለ ክፍያው ስጋት አይግባዎት። በ2002 የብሌንደር ባለቤት የነበረው ኩባንያ ሲዘጋ፣ የፕሮግራሙ ፈጣሪ ቶን ሮዘንዳል ከሕዝብ 100,000 ዩሮ አሰባስቦ ኮዱን በማስለቀቅ በጂፒኤል (ማንም በነፃ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ) ፈቃድ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የሚሠሩት ምስልም የእርስዎ ነው፤ ለንግድ ቢጠቀሙበት ጠያቂ የለብዎትም። ሌላው የስሪዲ ፕሮግራም፣ በብራውዘር የሚሠራው ነፃው ስኬችአፕ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ የተፈቀደውም ለግል አገልግሎት ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም።

ሚሊ ሜትር

ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም፣ እኔ ለአናጢ መጀመሪያ የምመክረው ብሌንደርን አይደለም። ብሌንደር ለዓይን ነው፤ እርስዎ ደግሞ ነገ መጋዝ ፊት የሚቆሙ ሰው ነዎት። ፍሪካድ በልኬት ላይ የተመሠረተ ነፃ ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካቢኔት በ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቢሠራ፣ የሁለቱ ጎኖች ውፍረት ሲቀነስ የውስጥ መደርደሪያው 564 ሚሊ ይሆናል። ገበያ ላይ 18 ጠፍቶ 16 ቢገዙ፣ መደርደሪያው 568 መሆን አለበት። በፍሪካድ ልኬቶቹን አስቀድመው በሰንጠረዥ ካያያዟቸው፣ ውፍረቱን አንድ ቦታ ላይ ሲቀይሩ ቁራጮቹ ሁሉ አብረው ይስተካከላሉ፤ ለቆራጩ የሚሰጥ ባለ ልኬት ንድፍም ያወጣል። በብሌንደር ይህን ሁሉ በእጅ ማስተካከል ይኖርብዎታል፤ አንዷ ብትረሳ ደግሞ ጣውላው ከተቆረጠ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ፍሪካድን ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይህን አልደብቅም። የሚቸኩሉ ከሆነ፣ የክፍሉን ግድግዳ ስለው ካቢኔት የሚያስቀምጡበት ስዊት ሆም ስሪዲ የሚባል ቀላል ፕሮግራም አለ፤ እሱም ነፃ ነው።

የኮዬው አናጢ

እናመሰግናለን። 3.6 ተከፍቶልኛል። በፍሪካድ የሠራሁትን ወደ ብሌንደር ማምጣት ይቻላል? ሬንደር ሲደረግ (የመጨረሻው ምስል ሲወጣ) መብራት ቢጠፋስ?

መስመር በመስመር

የ«ሚሊ ሜትር» ሐሳብ ከእኔ ይሻላል፤ በፍሪካድ ይንደፉ፣ በብሌንደር ያሳምሩ። ከፍሪካድ በኦቢጄ ፎርማት አውጥተው ወደ ብሌንደር ሲያስገቡ ግዙፍ ሆኖ ይመጣል፤ አንዱ በሚሊ ሜትር፣ ሌላው በሜትር ስለሚቆጥር በሺህ አካፍለው ያሳንሱት።

መብራትን በተመለከተ፣ ብሌንደር ፋይሉን በየ2 ደቂቃው በራሱ ስለሚያስቀምጥ ከፋይል ሜኑ ውስጥ «ሪከቨር» ብለው ይመልሱታል። ቪዲዮ ከሆነ ግን በቀጥታ በቪዲዮ ፎርማት አያውጡ። በፒኤንጂ ምስሎች ያውጡት፤ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ በሰከንድ 24 ፍሬም 240 ምስል ይሆናል። «ኦቨርራይት» የሚለውን ምልክት ካነሱት፣ በ150ኛው ላይ መብራት ቢጠፋ ሲመለስ ያለቁትን ዘሎ ከቆመበት ይቀጥላል። ለደንበኛ ግን ቪዲዮ ብዙም አያስፈልግም፤ በኢቪ (ፈጣኑ የብሌንደር ምስል ማውጫ) የወጡ ሁለት ሦስት ጥሩ ምስሎችን በቴሌግራም መላክ ይበቃል። በሳይክልስ (ዘገምተኛው የብሌንደር ምስል ማውጫ) የሚወጣው ያምራል፤ በእርስዎ ላፕቶፕ ግን ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚወድቅ ማታ ለቀውት ይደሩ።