የወተት ላሞችን በሲሜንታል ማስዳቀል ያዋጣል? ድልቡንስ ማን ይገዛል?

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ፣ የወተት ላም አርቢ

ጤና ይስጥልን። በሱሉልታ ከተማ ዳርቻ ጥቂት የሆልስታይን ክልስ ላሞች አሉኝ፤ ኑሮዬም ወደ አዲስ አበባ በማስገባው ወተት ላይ የተመሠረተ ነው። ጊደር ስትወለድ ደስ ይለናል፤ ወንድ ሲወለድ ግን የሚጠባው ወተት ዋጋ ከራሱ ዋጋ ስለሚበልጥ፣ እንደ አብዛኛው የአካባቢያችን አርቢ ገና በጨቅላነቱ ለተገኘው ገዢ እሸጠዋለሁ። የፉርሽካውና የፋጉሎው ዋጋ እየናረ፣ የግጦሹ መሬት ለቤት መሥሪያ እየተሸነሸነ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ ከሚወለዱት ጥጆች ግማሽ ያህሉን እንዲህ ማስወጣት የሚያዋጣ አልሆነም።

ስለዚህ ተተኪ ጊደር የማልፈልግባቸውን ላሞች በሥጋ ከብት አባላዘር (የኮርማ ዘር) ለማስዳቀል አስቤአለሁ። በሐሳቤ ያሉት የስዊዘርላንዱ ሲሜንታልና የፈረንሳዮቹ ሻሮሌና ሊሙዚን ናቸው። የትኛው ይሻላል? ላሞቼ በሰላም ይወልዳሉ ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ካደለብኩት በኋላ ገበያ ላይ «የፈረንጅ በሬ ነው» እየተባለ ዋጋው ይሰበራል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? በሥራው ያለፋችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከሰንዳፋ፣ የወተትና የድልብ ከብት አርቢ

ወንድሜ፣ በእኔ በረት ያለው ሲሜንታል ብቻ ስለሆነ ስለ እሱ ልናገር። ሲሜንታልን ከሁለቱ የፈረንሳይ ዝርያዎች የሚለየው ለወተትም ለሥጋም የተመረጠ መሆኑ ነው፤ ሻሮሌና ሊሙዚን ዛሬ የሚረቡት ለሥጋ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ለእርስዎና ለእኔ ዓይነቱ አርቢ ቀላል ነገር አይደለም። በተለመደው አባላዘር የሚወለደው ወንድ እንዲሆን ማዘዝ ስለማይቻል፣ ሴት በምትወለድበት ጊዜ ምን አደርጋታለሁ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት። ከሻሮሌ የተወለደች ጊደር ለወተት አርቢ ሸክም ናት። ከሲሜንታል የተወለደችው ግን እንደ ሆልስታይን ባልዲ ባትሞላም ትታለባለች፤ ወተቷም ቅባቱ የተሻለ በመሆኑ ቅቤ የሚያወጡ ሰዎች ይወዷታል። እኔ ከዚህ ሥራ እስካሁን ያገኘሁት ጥቅም ከድልብ ወይፈኖቹ ይልቅ ከተሸጡት እርጉዝ ጊደሮች ያመዝናል።

የሲሜንታል ነጭ ፊት ለልጆቹ በኃይል የሚተላለፍ መልክ ነው። ከጥቁር ሆልስታይን ክልስ ላም ሲወለድ ገላው ጥቁር፣ ፊቱ ደግሞ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ የሆነ ጥጃ ይወጣል፤ ገዢም ከሩቅ ይለየዋል። ለጊደሯ ይህ ምልክት ዋጋ ይጨምርላታል፤ በበዓል ገበያ ለወይፈኑ ምን እንደሚያደርግለት ግን የሥጋ ቤት ሰዎች ቢናገሩት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክልሱን ከክልስ ጋር እያዳቀሉ መቀጠል አይመከርም። የመጀመሪያው ትውልድ ክልስ ከወላጆቹ አማካይ በልጦ እንዲታይ የሚያደርገው ብርታት፣ ክልስ ከክልስ ሲዳቀል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጎረቤቶቼ የክልስ ኮርማ አሳድገው መንደሩን ሁሉ ሲያስዳቅሉ የወጡት ጥጆች አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ቀጫጫ፣ መልካቸውም ዝንቅ ሆኖ ነበር።

መልስ፦ ከሆለታ፣ የማዳቀል ባለሙያ

ሲሜንታል ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በሆለታና በባኮ የመሳሰሉ የምርምር ማዕከላት ከቦረናና ከሆሮ ላሞች ጋር ተዳቅሎ የተሞከረው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ችግሩ አባላዘሩን ዘወትር ማግኘቱ ላይ ነው። ከቃሊቲው የከብት ማዳቀያ ማዕከል በብዛት የሚወጣው የወተት ዝርያዎች አባላዘር ስለሆነ፣ የሥጋ ዝርያ የሚፈልግ አርቢ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የገባውን መጠበቅ ይኖርበታል። በሚገዛበት ጊዜም የኮርማው መግለጫ ላይ የወሊድ ቅለት መለኪያውን ሳያይ ገንዘብ እንዳይከፍል አሳስባለሁ፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ከኮርማ ኮርማ ያለው ልዩነት ሰፊ ነውና።

ስለ ወሊዱ ለተነሣው ጥያቄ ንጹሕ ሻሮሌ ጥጃ ሲወለድ 45 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የደጋ አገር ላማችን ጥጃ ግን ከ20 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ከዚህ ተነሥተው የአበሻ ላምን በሻሮሌ የማስዳቀልን አደጋ መገመት ይቻላል። ቤልጂየም ብሉ የሚባለውን ደግሞ ጨርሶ አያስቡት፤ ጡንቻው ከመጠን በላይ የሆነ ዝርያ ስለሆነ በገዛ አገሩም ብዙዎቹ ላሞች የሚወልዱት በቀዶ ሕክምና ነው። የእርስዎ ላሞች የሆልስታይን ክልስ ከሆኑና ቢያንስ አንዴ ወይም ሁለቴ ወልደው ከሆነ ሲሜንታልም ሊሙዚንም ብዙ አያስቸግሯቸውም፤ በተለይ የሊሙዚን ጥጃ አጥንቱ ቀጭን፣ ሰውነቱም ሾጠጥ ያለ በመሆኑ መውጫው ይቀላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድን ጊደር ግን በእነዚህ ዝርያዎች አላስዳቅልም፤ ባለቤቷ ቢለምነኝም እንኳ።

የእርግዝናው ዘመን ከሆልስታይን እንደሚረዝምም ይታወቅ፤ በሲሜንታል አንድ ሳምንት ገደማ፣ በሊሙዚን ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ብዙ አርቢ በሆልስታይኑ ስሌት ቀኑ አለፈ ብሎ ይደነግጣል። ጥጃው በማኅፀን አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ላሟን በፉርሽካና በሞላሰስ ከልክ በላይ ማወፈር ወሊዱን ያከብደዋል። የእንሽርት ውኃው ከፈሰሰ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አልፎ ምንም ለውጥ ካልታየ፣ ገመድ አስሮ ከመጎተት በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

መልስ፦ ከቄራ አካባቢ፣ የሥጋ ቤት ባለቤት

የዋጋውን ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። «የፈረንጅ በሬ» የሚለው ወሬ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ንቀት ብቻ አይደለም።

በካራም ሆነ በሸጎሌ ገበያ ከብት የሚሸጠው በግምት ነው። ገዢው ሻኛውን በመዳፉ ይጨብጣል፣ ፍርምባውን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ የጅራቱን ሥር በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ የስቡን ውፍረት ይፈትሻል፣ በመጨረሻም ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያነባል። እነዚህ ሁሉ የቦረናና የሐረር ሰንጋን ለመመዘን የተለመዱ መለኪያዎች ናቸው። የእርስዎ ክልስ ሻኛው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም፤ ሻኛ ደግሞ በእኛ ቤት ራሱን ችሎ የሚጠየቅ ብልት ነው። ከዚህም ሌላ እነዚህ ትልልቅ ዝርያዎች ስብ የሚይዙት ዘግይተው ስለሆነ፣ ሥጋው ቀይ ሆኖ ጮማው ያንሳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የታረደ ከብት የሚከፈልበት ክብደቱ ታይቶ፣ የጡንቻው አሞላል በፊደል፣ የስቡ መጠንም ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ደረጃ ወጥቶለት ነው። በዚያ አሠራር ሰፊ ወገብና ሙሉ ታፋ ያለው፣ ስቡ መጠነኛ የሆነ ከብት አሸናፊ ነው፤ ሻሮሌና ሊሙዚንም የተመረጡት ለዚያ ገበያ ነው። ቁርጥ ሊበላ የመጣ ደንበኛ ግን ጮማ ካላየ ቢላውን አያነሣም።

እንግዲህ ገዢ የለም ማለቴ አይደለም። ክትፎ ቤቶች የሚፈልጉት ስብና ጅማት የሌለውን ቀይ ሥጋ ነው፤ ለእነሱ የክልሱ ታፋ ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ ከአንዱ ብልት ብዙ ንጹሕ ሥጋ ይወጣል፤ ቂቤውንም ራሳቸው ይጨምሩበታል። ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶችም ቁራጩ እኩል ሆኖ ሲቀርብላቸው ይመርጡታል። እኔም ከአንድ የለገጣፎ አርቢ በዓመት ውስጥ ጥቂት ክልሶችን እየተቀበልኩ ለሁለት ክትፎ ቤቶች አቀርባለሁ፤ ዋጋውን የምንነጋገረው ከታረደ በኋላ በሥጋው ኪሎ ነው። በዚህ መንገድ ደላላውም ግምቱም ከመካከል ይወጣል። አርቢው መጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር፤ አሁን ግን ወደ ካራ መንዳቱን ትቷል።

ለፋሲካ አደርሳለሁ ብለው ካሰቡ ጊዜውን በጥንቃቄ ያስሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ፣ ከጾሙ በፊት የደረሰ ድልብ ያንን ሁሉ ጊዜ እየበላ ይቆይብዎታል፤ ክልሱ ደግሞ ከአበሻው በሬ አብልጦ ይበላል። ለቅርጫ የሚገዙ ሰዎችም ሻኛውን፣ ጉበቱንና ጮማውን በእኩል ስለሚከፋፈሉ ለእርስዎ ከብት ቀዳሚ ገዢዎች አይሆኑም።

መልስ፦ ከሰበታ፣ አድላቢ

ከሥጋ ቤቱ ባለቤት ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በጮማው ጉዳይ ግን ጥቂት የምለው አለኝ። አብዛኞቻችን የምናደልበው ለእርሻ ያገለገለ፣ የአጥንቱ እድገት ያለቀ፣ ሥጋ ብቻ የጎደለው በሬ ገዝተን ለሦስት ወር ያህል በመቀለብ ነው። በዚህ ሒሳብ ወደ ሲሜንታል ክልስ የሚገባ ሰው ይከስራል፤ ምክንያቱም ወይፈኑ ገና እያደገ ነውና የሚበላው ለአጥንትና ለጡንቻ ይውላል። ከጥጃነቱ ጀምሮ በፕሮቲን የበለጸገ መኖ፣ ማለትም ኑግ ፋጉሎና የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት፣ ከጥሩ ድርቆሽ ጋር ይፈልጋል፤ እህልና ሞላሰስ የሚበዛለት በመጨረሻው ላይ ነው። በጊዜ በቡርዲዞ (የዘር ገመዱን ጨምቆ በሚያኮላሽ መሣሪያ) የተኮላሸ ወይፈን ደግሞ ከኮርማው ዘግየት ብሎ ቢያድግም ስብ ይይዛል፤ የተመለከትኳቸው «ጮማ የላቸውም» የተባሉ ክልሶች አብዛኞቹ ሳይኮላሹ የተሸጡ ነበሩ።

ድርቆሹን በእናንተ በሱሉልታ ከመስቀል በኋላ በሚታጨድበት ወቅት የገዛ ሰው ክረምት መግቢያ ላይ ከሚገዛው በእጅጉ ይጠቀማል። ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣው የጉርብርብ በሽታ የውጭ ደም ባላቸው ከብቶች ላይ ስለሚከፋም ክትባቱ ዝናቡ ሳይገባ ይሰጥ።

ጠያቂው፦ ከሱሉልታ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሲሜንታል፣ ከሁለተኛ ወሊዳቸው ባለፉት ላሞች ለመጀመር ወስኛለሁ፤ ከአንድ ክትፎ ቤት ጋርም ከወዲሁ እነጋገራለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ በአካባቢያችን የከብት ሚዛን የለም፤ በኪሎ ልንነጋገር ስንል የወይፈኑን ክብደት በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከሰበታ፣ አድላቢ

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃዎታል። ከብቱን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና ከፊት እግሮቹ ወዲያ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፤ ቀጥሎ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ያለውን ርዝመት ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ፣ ከዚያም በርዝመቱ አባዝተው ለ10,840 ያካፍሉ፤ ልኬቱ በሴንቲ ሜትር ከሆነ ውጤቱ በኪሎ ግራም ይወጣል። ለምሳሌ ዙሪያው 180፣ ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወይፈን 448 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ጠዋት ሳይበላና ውኃ ሳይጠጣ ይለኩት። ከዚህ ውስጥ በሥጋነት የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ነው ብለው ቢነሡ ከክትፎ ቤቱ ጋር ለመነጋገር ይበቃዎታል፤ ትክክለኛውን የሚያሳየው ግን ከመጀመሪያው እርድ በኋላ የሚታየው ሚዛን ስለሆነ፣ በዚያን ዕለት ከቦታው አይጥፉ።