የጆን ማርቲን የምጽአት ሥዕሎች፦ እምነት ወይስ የትኬት ትርኢት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ማርቲን (1789–1854) በሕይወቱ ማብቂያ የሣላቸው ሦስት ግዙፍ የፍርድ ቀን ሥዕሎች ዛሬ በለንደኑ ቴት ሙዚየም ይገኛሉ። እነዚህ ሃይማኖታዊ ሥዕሎች ናቸው ወይስ የዘመኑ መዝናኛ?

አንደኛ ተከራካሪ፦ መዝናኛ ናቸው ባይ ነኝ። ሠዓሊው ከሞተ በኋላ በብሪታኒያና በአሜሪካ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ በክፍያ ታይተዋል። ቀደም ብሎ በ1821 «የብልጣሶር ግብዣ» የተሰኘው ሥዕሉ ለሕዝብ ሲቀርብም፣ ከተመልካቹ ግፊያ ለመጠበቅ በአጥር መከለል አስፈልጎ ነበር። ከሦስቱ አንዱ በሆነው «ታላቁ የቁጣው ቀን» ላይ ተራሮች ከነከተማቸው ሲገለበጡ ዓይን ይደነቃል፤ ሰዎቹ ግን እንደ ጉንዳን ስላነሱ ንስሐም ሆነ ሐዘን ከፊታቸው አይነበብም። ስመ ጥሩ ሃያሲ ጆን ረስኪን ማርቲንን የናቀውም በከንቱ አልነበረም።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ወንድሜ፣ ክፍያ እምነትን የሚሽር ከሆነ ለቤተ ክርስቲያን ሥለው ዋጋ የተቀበሉ ሠዓሊዎች ሁሉ ነጋዴዎች ሊባሉ ነው። የሰዎቹን ማነስ በተመለከተ ግን ራእይ ምዕራፍ 6ን ቢመለከቱ መልካም ነው፤ በዚያ ነገሥታትም ባለጠጎችም ባሪያዎችም በአንድነት በዋሻና በዓለት ሥር ሲሸሸጉና ተራሮችን «በላያችን ውደቁ» ሲሉ እንጂ፣ የእያንዳንዳቸው ፊት ሲገለጥ አናይም። ማርቲን ማዕረግን ሁሉ ከመሬቱ ግዝፈት በታች ማድረጉ ለጽሑፉ ታማኝ መሆኑን ያሳያል። የገዛ ዘመኑንም አልማረም፤ ልጁ ሊዮፖልድ እንደተናገረው፣ የቁጣው ቀን ሥዕል የተጸነሰው አባቱ የእንግሊዝን የማቅለጫ ምድጃዎች አካባቢ በሌሊት ሲያቋርጥ ባየው እሳት ነው፤ «የመጨረሻው ፍርድ» በተባለው ሥዕል ደግሞ ባቡር ከነፉርጎው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ደንበኛውን ለማስደሰት ብቻ የሚሠራ ሰው ደንበኛው የሚሳፈርበትን ባቡር ወደ ገሃነም ይሰዳል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ርዕሰ ጉዳይ ብቻውን እምነትን አያስረዳም፤ የማርቲን ዘመነኛ የነበረው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ተርነርም በ1846 በፀሐይ ውስጥ የቆመውን መልአክ ከራእይ 19 ጥቅስ ጋር አቅርቧል፣ ሃይማኖተኛ ግን አይባልም ነበር። ደግሞስ የማርቲን ሦስቱ ሥዕሎች በ1935 በ7 ፓውንድ ሲሸጡ ምእመናኑ የት ነበሩ?

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ያ የሚያሳየው የገዢዎች ምርጫ መለወጡን ነው። የዋጋ መውደቅ የአንደኛውን ተከራካሪ ሐሳብም አይደግፍም፤ መዝናኛነታቸው የጸና ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይረክሱም ነበርና።