«እንደ ሥላሴ» ወይስ «እንዳ ሥላሴ»?

አራሚ፦ በማርመው የጉዞ ማስታወሻ ውስጥ «ከሽሬ እንደ ሥላሴ ተነሥተን እንዳባጉና አደርን» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አንዱ ስም በ«እንደ»፣ ሌላው በ«እንዳ» መጀመሩ አላስማማኝም። የመጀመሪያውን ወደ «እንዳ» ልመልሰው? ብመልሰውስ ከ«ሥላሴ» ጋር ላጣብቀው ወይስ ነጥዬ ልጻፈው?

የሽሬ ልጅ፦ ያለ ጥርጥር «እንዳ» ነው። ቃሉ በትግርኛ ቤት ወይም ስፍራ ማለት ስለሆነ «እንዳ ሥላሴ» የሥላሴ ቤት ነው። «እንደ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ስሙን የአማርኛ ማነጻጸሪያ ያደርገዋል፤ ለሥላሴ አምሳያ የለም ብለን የምናምን ሰዎች አገርን «እንደ ሥላሴ» ብለን መጥራታችን ያሳዝነኛል።

ዘጉባኤ፦ ቅኔ ቤት እንዳደገ ሰው ሥሩን ከግእዝ ልጀምር። በጸሎተ ሃይማኖት «ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ» እንላለን፤ «እንተ» እንደ አማርኛው «የ» ያለ አያያዥ ነው። ጥንት «ቤተ ክርስቲያን እንተ ሥላሴ» ሲባል ኖሮ፣ በአጠራር ብዛት ፊተኛው ወድቆ «እንተ» ብቻውን ቀርቷል፤ «ተ»ም ወደ «ደ» ላልቷል ብዬ አምናለሁ።

ሰዋስው፦ መሪጌታ፣ ንባብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን «እንተ» ዘርፍ አያያዥ ሲሆን «እንዳ» ራሱን የቻለ ስም ነው። በትግርኛ ሻይ ቤት «እንዳ ሻሂ»፣ ዳቦ ቤት «እንዳ ባኒ»፣ የአማት ቤትም «እንዳ ሓሙ» ይባላል፤ በእነዚህ ውስጥ የወደቀች ቤተ ክርስቲያን የለችም። «ተ» ወደ «ደ» ተለወጠ ለማለትም ያንኑ ለውጥ በሌሎች ቃላት ላይ ማሳየት ያስፈልጋል።

ዘጉባኤ፦ በቤተ ክርስቲያን ተጀምሮ ወደ ሌላው ቤት ሁሉ ሊሰፋ አይችልምን?

ሰዋስው፦ ይችላል፤ መሆኑን የሚመሰክር ግን አላየንም። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ከተመራን በምሥራቅ ጎጃም ያሉትን እነሴን፣ እነብሴንና እነማይን ከአማርኛው «እነ» ልናወጣቸው፣ እናርጅ እናውጋንም የሽማግሌዎች ጨዋታ ግብዣ ልናደርገው ነው። የሚሻለው ምስክር በየገዳማቱ በወርቅ ወንጌል (በገዳሙ የከበረ የወንጌል መጽሐፍ) ኅዳግ ላይ የሰፈረ የጉልት፣ ማለት ለገዳም የተሰጠ መሬት፣ መዝገብ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰንም ከሠ ቢያቀያይሩም «ተ»ን ከ«ደ» አያደባልቁምና።

የሽሬ ልጅ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዛሬ ትግርኛው «ሽረ እንዳስላሰ» ብሎ በእሳቱ ሰ ይጽፋል። የአገሬውን ጽሕፈት በሙሉ እንከተል ካልን «ሥላሴ»ንም ልንተው ነው። ቃሉ ከ«ሠለስቱ» ወገን መሆኑን የሚያሳየው ንጉሡ ሠ ስለሆነ፣ አማርኛው «ሥላሴ»ን እንደ ግእዙ ያጽና፣ «እንዳ»ን ደግሞ ከባለቤቱ ከትግርኛው ይቀበል እላለሁ።

ዘጉባኤ፦ በንጉሡ ሠ ፍጹም እስማማለሁ። ስለ «እንተ» ግን ገና አልተረታሁም፤ «እንዳ» ተብሎ የተጻፈበት ጥንታዊ የጉልት ንባብ ያለው ሰው ያቅርብልኝ፤ እስከዚያው ድረስ «እንዳ ሻሂ» ብቻውን ሐሳቤን አያስለውጠኝም።