የፖላንድ ክሮኪየት ሳይቀደድ እንዴት ይሠራል? የጾሙንም አሠራር እፈልጋለሁ

የዋርሶዋ ምራት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዋርሶ ነው፣ ባለቤቴም የዚሁ አገር ሰው ነው። የዘንድሮው ቪጊሊያ፣ ማለትም የእነሱ የገና ዋዜማ፣ እኛ ቤት ነው የሚከበረው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 15 ማታ ይውላል። አማቴ ባርሽቹን (የቀይ ስር ሾርባውን) ይዤ እመጣለሁ ብላለች። ክሮኪየቱ የእኔ ድርሻ ሆኗል።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስስ ቂጣ ይጋገራል፣ እነሱ ናሌሽኒኪ ይሉታል። ውስጡ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና እንጉዳይ ይገባል። ከዚያ እንደ ፖስታ ታጥፎ ይጠቀለልና በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ ይጠበሳል። ስኳር የሚባል ነገር የለበትም።

ችግሬ ሁለት ነው። ቂጣው ሳጥፈው ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። የተረፈው ደግሞ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃ አውጥቶ ይፈነዳል። የምጠቀመው አንድ ኩባያ ዱቄት፣ አንድ እንቁላልና ሁለት ኩባያ ወተት ነው፤ በጥብጬ ወዲያው እጋግረዋለሁ።

ሌላው ጉዳይ፣ ጾመ ነቢያት ስለሆነ እኔ እንቁላልም ወተትም አልበላም። ከሌላው ለይቼ ለራሴ ጥቂት መሥራት እፈልጋለሁ። እንግዶቹ አሥር ናቸው። ከስንት ቀን በፊት ብጀምር ይሻላል?

ማጀት ክራኮቭ

እህቴ፣ እዚህ ክራኮቭ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ክሮኪየት በየሳምንቱ እንሠራለን። ከሊጡ እንጀምር፣ ያንቺ በጣም ቀጥኗል፤ እንቁላሉም አንሷል። ለክሮኪየት የሚሆን ቂጣ ስስ ቢሆንም ጉልበት ሊኖረው ይገባል፤ ይታጠፋል፣ ይለበጣል፣ ይጠበሳል።

እኔ የምጠቀምበት ልክ ይኸው፦ 250 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 3 እንቁላል፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 200 ሚሊ ሊትር ጋዝ ያለው ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። በ24 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ 14 ወይም 15 ቂጣ ይወጣዋል። ዱቄቱን ስትገዢ ቲፕ 450 ወይም 500 የሚለውን እዪ፤ ሁለቱም ይሆናሉ።

እንቁላሉንና ወተቱን መጀመሪያ ምቺ። ዱቄቱን ጨምሪበትና ጓጉሉ እስኪጠፋ አዋህጂው። ዘይቱን መጨረሻ ላይ አድርጊ። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይረፍ፤ ይሄን እንዳትዘዪው። ዱቄቱ ውሃውን በደንብ የሚጠጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ ስትመቺው የተወጠረው ሊጥም ይላላል። ሳያርፍ የተጋገረ ቂጣ ነው ሲያጥፉት የሚሰነጠቀው። ጋዝ ያለውን ውሃ ግን ልትጋግሪ ስትይ ጨምሪው፣ አለዚያ ጋዙ ወጥቶ ያልቃል። ሊጡ ፈሳሽ ክሬም ሲመስል ልክ ነው።

መጥበሻው በደንብ ይጋል። የመጀመሪያውን ብቻ ዘይት ቀባ አድርጊለት፤ ከዚያ በኋላ ሊጡ ውስጥ ያለው ዘይት ይበቃል። በጭልፋ አፍሰሽ መጥበሻውን በእጅሽ አዙሪው። ላዩ ደርቆ ጠርዙ ከመጥበሻው መላቀቅ ሲጀምር ነው የሚገለበጠው። ሁለተኛው ፊት ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ቡናማ እስኪሆን አትጠብቂ፣ ኋላ ስለሚጠበስ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ቂጣዎቹን እንዳወጣሽ አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሪና ሰፊ ሳህን ድፊባቸው። እንፋሎቱ ጠርዙን ያለሰልሰዋል። ሜዳ ላይ ከተዉት ጠርዙ ደርቆ እንደ ወረቀት ይሰበራል። ያንቺም ጠርዙ ላይ ነው የሚሰነጠቀው ስላልሽ ግማሹ ችግር እዚህ ይመስለኛል።

እትዬ ከቺካጎ

የኔ ልጅ፣ ሊጡን በሚገባ ነግሮሻል። እኔ የውስጡን ልጨምርልሽ። ቺካጎ ፖላንዶች ብዙ ናቸው። አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴትዮ ናት ከቤቷ ወስዳ ያስተማረችኝ።

ለ15 ቂጣ 1 ኪሎ የኮመጠጠ ጎመን ትይዣለሽ። ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ። ጎመን፣ ካሮትና ጨው ብቻ የሚል ከሆነ በራሱ የኮመጠጠ ነው። ኮምጣጤ የገባበት ከሆነ ተዪው፤ ሲበስልም ያው ሹል ጣዕሙ አይለቅም።

ደረቅ እንጉዳይ ከ40 እስከ 50 ግራም ያስፈልግሻል። ፖላንዶች ቦሮቪክ ወይም ፖድግዚቤክ የሚሉትን ፈልጊ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። በማግስቱ በዚያው ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅይው። ውሃውን እንዳትደፊው፣ ሽታው ያለው እሱ ውስጥ ነው። በስስ ጨርቅ አጥልዪው፣ ሥሩ አሸዋ አይጠፋውም።

ጎመኑን ቅመሺ። በጣም ከኮመጠጠ ብቻ አንድ ጊዜ አለቅልቂው። ዝም ብሎ እያጠቡ መድፋት ጣዕሙን ይገድለዋል። ከዚያ ጨምቀሽ አድቅቀሽ ክተፊው፣ ረጅም ክር ከሆነ ቂጣውን ይወጋዋል። በእንጉዳዩ ውሃ፣ በሁለት ቤይ ሊፍና ቁንዶ በርበሬ በሚመስለው ትልልቁ ፍሬ (ዚየለ አንጊየልስኪየ ይሉታል) ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይብሰል። ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት በዘይት ወርቃማ እስኪሆን ለብቻው ጥበሺ። የተከተፈውን እንጉዳይና ሽንኩርቱን ከጎመኑ ጋር ደባልቂና ክዳኑን ከፍተሽ እያማሰልሽ አድርቂው። ቁንዶ በርበሬ አትሳሺ። ጨው ግን መጨረሻ ላይ ቀምሰሽ፤ ጎመኑ ራሱ ጨዋማ ነው።

መድረቁን የምታውቂው እንዲህ ነው። አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ አድርጊና ሳህኑን አዘንብዪው። ውሃ ከወረደ ገና ነው፣ መልሰሽ እሳት ላይ ጣጂው። ዘይት ውስጥ የሚያፈነዳብሽ ይሄ ውሃ ነው። ሲደርቅ ደግሞ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ከሞላሽው ቂጣው አልቦ ይበሳሳል። ባይሆን ቀደም ብለሽ ሠርተሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ያደረው እንዲያውም ይጣፍጣል።

ጾመኛዋ ቭሮትስዋቭ

የጾሙን እኔ ልመልስልሽ፣ በየዓመቱ እሠራዋለሁ። የፖላንዶቹ ቪጊሊያ ሥጋ የለበትም እንጂ ቅቤና እንቁላል ይገባበታል። ስለዚህ ሥጋ የለውም ሲሉሽ ጾም ነው ብለሽ እንዳትወስጂ። አማትሽንም ባርሽቹ ውስጥ ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ይኑር አይኑር ቀድመሽ ጠይቂያት፣ አይከፋትም። የዳቦ ፍርፋሪውንም፣ ቡውካ ታርታ የሚባለውን፣ ወተት የሌለበት መሆኑን ካርቶኑ ላይ አንብቢ።

ሊጡ፦ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅመም ያልገባበት የሽምብራ ዱቄት፣ 500 ሚሊ ሊትር ጋዝ ያለው ውሃ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጨው። የሽምብራው ዱቄት የእንቁላሉን ቦታ ይሸፍናል፤ ቀለምም ይሰጠዋል። አንድ ሰዓት ይረፍ፤ እንቁላል የሌለው ሊጥ ዕረፍት ይወዳል። ሲያርፍ ይወፍራል፣ ትንሽ ውሃ ጨምሪበት። ቂጣውን ከሌላው ትንሽ ወፈር አድርጊው። በደንብ ሳይያያዝም አትገልብጪው፤ ትዕግሥት ካጣሽ መጥበሻው ላይ ይበጣጠሳል።

ለመለበጥ 4 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት በውሃ አቅጥነሽ በጥብጪ። ክሮኪየቱን እሱ ውስጥ ነክረሽ ፍርፋሪው ላይ አንከባልዪው። ከእንቁላሉ እኩል ይይዛል። ዘይቱንም ለይልኝ፤ የጾሙን መጀመሪያ ብትጠብሺው አትቸገሪም።

ከሳሪስ

እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። እንዲህ ያለ ጎመን የሚሸጥበት ቦታ አላገኘሁም። በምን ልተካው? መጋገሪያውስ ምጣድ ይሆናል?

ማጀት ክራኮቭ

ወንድሜ፣ ምጣዱ ይቅር፣ ሰፊ ነው። ተራ የማያጣብቅ መጥበሻ ይበቃል። ለጋዙ ውሃ ደግሞ አምቦ ውሃ አለህ።

ጎመኑን ቤትህ አኮምጥጠው። 1 ኪሎ ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ክተፍና 20 ግራም ጨው አድርገህ ውሃ እስኪያወጣ በእጅህ እሸው። ጠርሙስ ውስጥ እየጠቀጠቅህ ሙላው፤ የገዛ ውሃው ሊሸፍነው ይገባል። ከውሃው በላይ ብቅ ያለ ጎመን ይሻግታል፤ ስለዚህ ንጹህ ነገር ጫንበት። ክዳኑን አታጥብቀው፣ ጋዝ ያወጣል። ከሳምንት ጀምሮ ቅመሰው፤ ሲጥምህ ፍሪጅ አስገባው። ለምግብ ማብሰያ ግን ሁለት ሳምንት ቢቆይ ይሻላል።

ያን ያህል አልጠብቅም ካልክ በአይብ ሥራው። ፖላንዶች ሩስኪየ የሚሉት መሙያ አለ። ድንች ተቀቅሎ ይፈጫል፣ ትፋሩክ የሚባለው አይባቸውና የተጠበሰ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ቁንዶ በርበሬም ይበዛበታል። ፒየሮጊ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፣ ናሌሽኒኪም ይሞሉበታል። የእኛ አይብ በትክክል ይሆነዋል። ውሃውን በጨርቅ አጥልለህ፣ ለ500 ግራም ድንች 250 ግራም አይብ አድርግ። ይሄኛው የግድ ፍርፋሪ አይፈልግም። አጥፈህ በቅቤ መጥበሻ ላይ ሁለቱን ፊት ማቅላት ይበቃል።

ኡሙ ሀያት ከጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። የሥጋውን የሚፈልግ ካለ ልንገር። አውሮፓ ያላችሁ ሙስሊም እህቶች ግን መደብር ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ስታዩ ቪየፕሾቪና የሚል ቃል ካለበት የአሳማ ነው። የጎመኑም ቢሆን አንዳንዱ በአሳማ ጮማ ይሠራል፣ ስማልየትስ ይሉታል።

እኔ ሾርባ ያፈላሁበትን ዶሮ ነው የምጠቀመው። ፖላንዶቹም የእሑድ ሾርባቸው ውስጥ የበሰለውን ሥጋ ነው ፈጭተው የሚሞሉት፤ ምንም አይጣልም። 500 ግራም የተቀቀለ ሥጋ ፈጭቼ፣ ከሁለት የተጠበሰ ሽንኩርት ጋር አደባልቄ፣ በሁለት ሦስት ማንኪያ መረቅ አረጥበዋለሁ። የሥጋው ችግር የጎመኑ ተቃራኒ ነው፣ ደርቆ አፍ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ መረቁን አትተዉ።

የዋርሶዋ ምራት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አጠቃለሉንና አጠባበሱን ደግሞ አስረዱኝ። በኦቨን ቢሆንስ? ጠዋት ሥራ ስላለብኝ ሁሉንም በዚያው ቀን መሥራት አልችልም።

ማጀት ክራኮቭ

ቂጣውን ዘርጊና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞላ ሞላ አድርገሽ ወደ አንቺ ባለው ጠርዝ በኩል አስቀምጪ፣ መሃሉ ላይ አይደለም። የታችኛውን ጠርዝ አልብሺው። ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ እጠፊ። ከዚያ ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልዪ። ጎኑ ክፍት ከቀረ ዘይት ይገባበታል።

የተመታ እንቁላል ውስጥ ነክረሽ ፍርፋሪው ላይ አንከባልዪ። ጫፎቹን አትርሺ። ዘይቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው። ፍርፋሪ ጣል ስታደርጊበት ወዲያው ከፈላ ደርሷል። የተዘጋበት ጠርዝ ወደ ታች ሆኖ ይግባ፤ መጀመሪያ እሱ ሲጠበስ ተጣብቆ ይቀራል፣ በኋላ አይከፈትም። አንዱ ፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። መጥበሻውን አታጨናንቂው፣ አራት አራት ይበቃል።

በኦቨን ከሆነ ዘይት ቀብተሽ በ200 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ ገልብጪው። ጥሩ ነው፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የተጠበሰውን አያህልም። ለቪጊሊያ ጥበሺው።

እትዬ ከቺካጎ

ቀኑን እንዲህ ከፋፍዪው የኔ ልጅ። ከሦስት ቀን በፊት ማታ እንጉዳዩን ዘፍዝፊ። በማግስቱ ጎመኑን አብስለሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪ። ከቪጊሊያው አንድ ቀን በፊት ማታ ቂጣውን ጋግረሽ ሞልተሽ ጠቅልዪ፤ ትሪ ላይ ደርድረሽ በፕላስቲክ ሸፍኚና ፍሪጅ አስገቢ። እንቁላሉንና ፍርፋሪውን ግን አሁን አይደለም፣ ልትጠብሺ ስትይ ነው። ቀድሞ ከተለበጠ እርጥበት ስቦ ይላቀቃል።

ቀደም ብለሽ መገላገል ካማረሽ ፍሪዘርም ይቻላል። የተጠቀለለውን ሳትለብጪ ትሪ ላይ ሳይነካካ ፍሪዘር ውስጥ አጠንክረሽ ወደ ፌስታል ገልብጪ፤ ሁለት ወር ይቆያል። ከመጥበስሽ በፊት ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ። በረዶ እንደሆነ ዘይት ውስጥ ከገባ ላዩ አርሮ ውስጡ ቀዝቃዛ ይሆናል።

ለአሥር ሰው ከሌሎቹ ምግቦች ጋር 20 ይበቃሻል፣ ሊጡንም የጎመኑንም ልክ በአንድ ተኩል አባዢው። ማይክሮዌቭ አታስጠጊው፣ ልብሱ ይልፈሰፈሳል። የጠበስሽውን በ150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሽቦው ላይ ደርድሪ፤ እንግዶቹ እስኪቀመጡ ሳይላላ ይጠብቅሻል።

ጾመኛዋ ቭሮትስዋቭ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባርሽቹን የምታሞቂው አንቺ ስለሆንሽ። አማትሽ ዛክፋስ፣ ማለትም ሲብላላ የከረመ የቀይ ስር ውሃ ከጨመረችበት፣ እንዲፈላ አትፍቀጂለት። ከፈላ ያ ደማቅ ቀይ ቀለሙ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ እንፋሎት ሲጀምር አውርጂው። በሳህን ሳይሆን በኩባያ አቅርቢው፤ ክሮኪየቱን በእጅ ይዘው እየገመጡ ነው የሚጠጡት።