ልጄ ዪር 1 ነው፣ ስኩሉ "ዲያግኖሲስ ይምጣና" ይላል፣ ኢኤችሲፒ እኔ ራሴ መጠየቅ እችላለሁ?

ጠያቂ (ለንደን)፦
ሰላም እህት ወንድሞች፣ ልጄ 6 አመት ሊሞላው ነው፣ ንግግር ላይ በጣም ወደኋላ ቀርቷል፣ ሁለት ሦስት ቃል ነው የሚያገጣጥመው፣ ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ስር ይገባል። ሴንኮዋን (የስኩሉን የልዩ ፍላጎት አስተባባሪ) ሳናግራት አንዴ "ቤት አማርኛ ስለምታወሩ ነው" አንዴ "የኦቲዝም ዲያግኖሲሱ ይምጣና እናያለን" ትለኛለች፣ ዌይቲንግ ሊስቱ ደግሞ ማለቂያ የለውም። አባቱ እኔም ዘግይቼ ነው አፌን የፈታሁት ተዪው ባይ ነው። ካውንስሉ ኢኤችሲፒ የሚባል ነገር ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ፣ ስኩሉ ካልፈለገ ይቻላል? እንግሊዝኛዬ ለደብዳቤ አይሆንም፣ የምታውቁ በናታችሁ።

የመንትዮቹ እናት (ሊድስ)፦
አይዞሽ እህቴ፣ ይቻላል። ኢኤችሲፒ ማለት ልጁ የሚያስፈልገው ድጋፍ ተጽፎ ካውንስሉን በሕግ የሚያስገድድ ፕላን ነው። ዲያግኖሲስ አያስፈልግም፣ የስኩሉም ፈቃድ አያስፈልግም፣ አንቺው ራስሽ በቀጥታ ለካውንስሉ "አሰስመንት (የፍላጎቱ ምርመራ) ይደረግለት" ብለሽ ትጽፊያለሽ። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ቺልድረን ኤንድ ፋሚሊስ አክት አንቀጽ 36 የሚለው ልጁ ልዩ ፍላጎት ሊኖረው ይችላል፣ በኢኤችሲፒ በኩል ድጋፍ ሊያስፈልገው ይችላል፣ በቃ ይሄው ነው። እዩልኝ ነው የምትያቸው፣ አሁን ማረጋገጥ አይጠበቅብሽም። ከጠየቅሽበት ቀን አንስቶ በ6 ሳምንት ውስጥ አሰስመንት እናደርጋለን ወይ አናደርግም ብለው መመለስ አለባቸው፣ ፕላኑ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጠቅላላው 20 ሳምንት ነው (ብዙ ካውንስል ያሳልፋል፣ ያኔ በጽሑፍ ኮምፕሌይን ነው)። ስልክ እንዳትደውዪ፣ ኢሜይል ይሁን፣ ቀኑ የሚቆጠርልሽ በሱ ነው።

ስለ አማርኛው ደግሞ፣ ያው አክት ላይ ቤት የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ስለሆነ ብቻ ልጁ የመማር ችግር አለበት አይባልም ይላል፣ እነሱ ግን ገልብጠው ችግሩን ሁሉ በአማርኛ ያሳብባሉ። እስቲ ንገሪን፣ በአማርኛስ ያወራል?

ጠያቂ፦
በአማርኛም ያው ነው፣ ውሃ ሲፈልግ እጄን ይዞ ይጎትተኛል እንጂ ስጪኝ አይልም።

አስተርጓሚዋ፦
በቃ ይቺን እንዳለች ጻፊያት! በሁለቱም ቋንቋ ከሆነ የቋንቋ ለውጥ ነው የሚለው ወሬያቸው ፉርሽ ነው። ስፒች ቴራፒስት (የንግግር ባለሙያ) ስታየውም አማርኛ አስተርጓሚ ይኑር በይ፣ የቤተሰብ ሰው ሳይሆን።

እኔ በሥራዬ ብዙ እናቶች ጋር ገብቻለሁ፣ የኛ ሰው ነውር መስሎት "ትንሽ ያስቸግራል እንጂ ጎበዝ ነው" ይልና ቤት ሲገባ ያለቅሳል። እዛ ወረቀት ላይ ጉብዝናው ለብቻው ቦታ አለው፣ አንቺ የከፋውን ቀን ጻፊ። "አይሰማም" አትበይ፣ ጫማውን ማን ያደርግለታል፣ ምሳ አዳራሽ ሲገባ ምን ይሆናል፣ ማታ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ እንደዛ እንደዛ። ደግሞ "ዛሬ ተረብሿል መጥተሽ ውሰጂው" እያሉ የሚደውሉ ከሆነ ቀኑን እየመዘገብሽ ያዢ፣ ሳይመዘግቡ ልጅ ወደቤት መላክ አንቺ እሺ ብትይም እንኳን አይፈቀድም፣ ለጥያቄሽም ማስረጃ ይሆንሻል። ደብዳቤውን ከዜሮ አትጀምሪ፣ ኢፕሲያ የሚባል ቻሪቲ ዌብሳይቱ ላይ ተዘጋጅቶ አለ፣ ስምና ታሪክ መሙላት ነው። በየካውንስሉ ሴንዲያስ የሚባል ነጻ አማካሪም አለ፣ ስትደውዪ መጀመሪያ አማርኛ አስተርጓሚ በያቸው።

ዝም ያልኩት፦
እኔ ግን ተጠንቀቂ ባይ ነኝ፣ ካውንስል አንዴ ቤትሽ ከገባ ሶሻል ሰርቪስ ይከተላል፣ የመኖሪያ ወረቀት ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ባይነካካው።

የመንትዮቹ እናት (ሊድስ)፦
ወንድሜ ይሄ ወሬ ስንቱን ልጅ ቤት አስቀረው። እውነቱን ለመናገር በአሰስመንቱ ሶሻል ኬርም ሐሳብ ይጠየቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ "ቤተሰቡን አናውቀውም" ብለው በአንድ መስመር ነው የሚመልሱት። ወረቀትም አያግድም፣ ኢኤችሲፒ ትምህርት ነው፣ ፐብሊክ ፈንድ (የመንግሥት ድጎማ) አይባልም። ዲኤልኤ (ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚከፈለው) ግን ሌላ ነው፣ እሱ ገንዘብ ስለሆነ ቪዛሽ ላይ "ኖ ሪኮርስ" (ፐብሊክ ፈንድ ክልክል ነው) የሚል ካለ ሳታማክሪ እንዳትነኪው።

የትሪቡናሉ አባት (በርሚንግሃም)፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ መጀመሪያ "አናደርግም" የሚል ደብዳቤ ቢመጣ እንዳትደነግጪ፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ትሪቡናል (ፍርድ ቤት) አፒል አለ፣ ነጻ ነው፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ ሜዲዬሽን (ሽምግልና) የሚሰሩት ጋ ደውለሽ ሰርተፊኬት ትቀበያለሽ፣ ሜዲዬሽኑን አልፈልግም ብትይም ይሰጡሻል፣ ከዛ ከውሳኔው ደብዳቤ 2 ወር ወይ ከሰርተፊኬቱ 1 ወር፣ የዘገየው ነው የሚያዝልሽ። እስከ ዳኛ ከሚደርሰው አብዛኛው ለወላጅ ነው የሚፈረደው፣ ካውንስሉም ይሄን ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ከቀጠሮው በፊት እጅ ይሰጣል።

ዋናው ጣጣ ግን የፕላኑ ድራፍት (ረቂቁ) ሲመጣ ነው። አስተያየት ለመስጠት ቢያንስ 15 ቀን አለሽ፣ ደስ ብሎሽ እሺ ብለሽ እንዳትመልሺ! ሴክሽን ቢ ላይ ችግሩ አንድም ሳይቀር መጻፉን እዪ፣ እዛ ያልተጻፈ ችግር ሴክሽን ኤፍ (ድጋፉ የሚጻፍበት) ላይ ድጋፍ አያገኝም። ኤፍ ላይ ደግሞ "የስፒች ቴራፒ ዕድል ያገኛል"፣ "እንደ አስፈላጊነቱ" የሚል ካየሽ ቀይ እስክሪብቶ አንሺ። "በሳምንት አንዴ፣ 45 ደቂቃ፣ ለብቻው፣ ከስፒች ቴራፒስት ጋር" ተብሎ ካልተጻፈ ነገ ስኩሉ በተርም አንዴ አድርጎ አደረግን ቢል ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ? የኔ ልጅ ላይ ያስጻፍነው እንደዛ ነው፣ ስኩሉ ቴራፒስት የለንም ሲል ካውንስሉ ማምጣት ግዴታው ሆነ። ሴክሽን አይ (የስኩሉ ስም የሚገባበት) ድራፍቱ ላይ ባዶ ነው የሚመጣው፣ የምትፈልጊውን ስኩል የምትነግሪያቸው ያኔ ነው፣ ስለዚህ ካሁኑ ዞር ዞር ብለሽ ስኩል አይተሽ ቆዪ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቱንም አስነበብኩት ዝም ብሏል ☺️ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። ለስኩሉ ልንገር ወይስ ዝም ልበል?

አስተርጓሚዋ፦
ንገሪ፣ ኮፒ አድርጊላቸው፣ ካውንስሉ የነሱንም ሪፖርት መጠየቁ አይቀርም። ኢሜይሉ ላይ የልጁን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ እንዳትረሺ፣ ደርሶናል የሚል መልስ ካልመጣ በማግስቱ "ደርሷችኋል?" ብለሽ ድገሚ።